ባለቤቱ ያልተገኘ ገጽ

የባዶ ክፍል ተማሪዎች ወደ ሕንጻው ሲገቡ በመጀመሪያ የሚያደርጉት አጋዣቸውን ከጆሯቸው ማውጣት ነው። በሩ አጠገብ ኩባያዎች የተደረደሩበት መደርደሪያ አለ፤ በእያንዳንዱ ኩባያ ላይ ስም ተጽፏል። አጋዡ የአተር ፍሬ ያክላል፤ ኩባያው ውስጥ ሲወድቅ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ለጥቂት ጊዜ ባሉበት ይቆማሉ። አንዳንዶቹ ጆሯቸውን ያሻሉ። ረሂማ በመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ይዛ ነበር የቆመችው። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ጆሮዋ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

በባዶ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ማንበብና መጻፍ ነው። ፊደል የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ አጭር መልእክት ሁሉም ያነባል። ረጅም ጽሑፍ ግን አጋዡ ያነብና ጭማቂውን፣ ማለትም በአጭሩ የተጨመቀውን፣ ለጆሮ ይሰጣል። ተማሪው ጭማቂውን ሰምቶ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ይላል፤ አጋዡ ጽሑፍ አድርጎ ያቀርብለታል። የመምህሩ አጋዥ ደግሞ ያንን አንብቦ ጭማቂውን ለመምህሩ ይሰጣል። ረሂማ ኮምቦልቻ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ በዚህ መንገድ ብዙ መቶ ጥናቶችን ተከታትላለች። አንዱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላየችም። ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም ነበር።

እንደ ጉድለት መቆጠር የጀመረው ከግድቡ በኋላ ነው። ግድቡ ከመሠራቱ በፊት የቀረበው ጥናት ስለ መሠረቱ የሚያስጠነቅቅ አንድ አንቀጽ ነበረው። አንቀጹ ጭማቂው ውስጥ አልገባም። ጥናቱን የፈረሙት ሰዎች ሁሉ የሰሙት ጭማቂውን ነበር። ግድቡ ከተናደ በኋላ ሕግ ወጣ፦ የሰው ሕይወት የሚነካ ማንኛውም ሰነድ ከመጽደቁ በፊት አንድ ሰው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ያነበዋል፤ ስላነበበው ነገር በራሱ እጅ አንድ ገጽ ይጽፋል። ይህ ሰው ሙሉ አንባቢ ይባላል። ፈቃድ የሚያገኘው የባዶ ክፍልን ፈተና ሲያልፍ ነው። ፈተናውን ሦስት ጊዜ መውሰድ ይቻላል፤ አራተኛ የለም።

ረሂማ ሙሉ አንባቢ መሆን የፈለገችው አክስቷ ከግድቡ በታች ትኖር ስለ ነበር ነው። ይህን ለክፍል ጓደኞቿ አልተናገረችም።

መምህርቷ ዘምዘም ይማም ይባላሉ። ተማሪዎቹ በሌሉበት «እትዬ ጠጠር» ይሏቸዋል። በየጠረጴዛው ላይ አንድ ጭብጥ ጠጠር ያስቀምጣሉ፤ ራሳቸው ከቦርከና ወንዝ ዳር የለቀሙት፣ ታጥቦ የደረቀ። ደንቡ አጭር ነው። ተማሪው በወረቀት የታተመ ጽሑፍ ይሰጠዋል። እያነበበ ይሄዳል። ያልገባው ቦታ ሲደርስ መስመሩ ላይ ጠጠር ያስቀምጣል። ያ ቦታ ምን እንደሚል አጠገቡ ላለው ሰው በገዛ አፉ መናገር እስኪችል ድረስ ጠጠሩን አያነሳም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በማንም ወረቀት ላይ ጠጠር አልታየም። ኩራት አልነበረም። አጋዡ ያልገባቸውን ነገር አቅርቦላቸው ስለማያውቅ፣ አለመግባት ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ አያውቁትም ነበር።

ዘምዘም ረሂማ አጠገብ ቆሙ።

«ሁሉም ገባሽ?»

«አዎ፣ መምህርት።»

«እስቲ ንገሪኝ።»

«ጽሑፉ የአፈር መሸርሸርን መንስኤዎች በስፋት ይዳስሳል፤ ተግዳሮቶቹን ይለያል፤ የመፍትሔ አቅጣጫዎችንም ያመላክታል።»

ዘምዘም ወረቀቱን አንስተው አዩትና መልሰው አስቀመጡት።

«ይህን ሳታነቢውም ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር» አሉ። «ስለ ንብ ቢሆንም ያው ነበር የምትዪኝ።»

ከኋላ የተቀመጠው ይመር የመምህርቷን ፍላጎት ቶሎ ተረዳ። በማግስቱ ወረቀቱን በጠጠር ሞላው፤ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ፣ በእኩል ርቀት። ዘምዘም መጥተው አንዱን ጠጠር በጣታቸው ነኩ።

«እዚህ ጋ ምን ቸገረህ?»

«ቃሉ ከበደኝ፣ መምህርት።»

«የትኛው ቃል?»

ይመር ጎንበስ ብሎ አየ። «ወንዝ።»

«ወንዝ ነው የከበደህ?»

«በክረምት ይከብዳል።»

ክፍሉ ሳቀ። ዘምዘምም ሳቁ፤ ጠጠሮቹን ግን አንድ በአንድ ለቅመው ወሰዱበት፤ ያን ቀን ያለ ጠጠር ዋለ።

*

የፈተናውን ገጽ በመጀመሪያ የሚያየው ማጣሪያ የሚባለው ማሽን ነው። የሰነዱን ጉዳይ አይመረምርም፤ ያ የሰው ፈታኝ ሥራ ነው። የማጣሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ገጽ የጻፈው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው ወይ?

ረሂማ የመጀመሪያውን ፈተና ጽፋ ስታስገባ ማጣሪያው ወዲያው መለሰ፦ «የዚህ ገጽ ባለቤት አልተገኘም።» ሁለተኛውንም ጽፋ አስገባች። መልሱ ያው ነበር።

አቤቱታ አቀረበች። የሰሟት ሰዎች ትሑቶች ነበሩ። አጋዧ ፈተናው እስኪያልቅ ኩባያው ውስጥ እንደ ነበር ጠባቂው መሰከረ። ገጹን በእጇ ስትጽፍ የሚያሳየውን ምስልም ተመለከቱ።

«ያጭበረበርሽው ነገር የለም» አሏት። «አንቺ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው። ገጹ ግን የማንም ሊሆን ይችላል።»

ይመርም በዚያው ሁለተኛ ፈተና ላይ ወድቆ ነበር። መደርደሪያው ጋ አገኛት፤ አጋዡን ከኩባያው አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገው።

«እኔ በቃኝ» አላት። «ከተማ አስተዳደር ተረካቢ ይፈልጋሉ። ጭማቂ ሰምቶ 'ተረክቤያለሁ' ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ እችላለሁ።»

«ሦስተኛውን አትሞክርም?»

«እህቴ፣ የኔ ገጽ የማንም ነው አሉኝ። የማንም ከሆነ ማንም ይፈተነው።» አጋዡን ጆሮው ውስጥ ከተተና ፊቱ ዘና አለ። «አንቺም ጊዜሽን አታቃጥዪ። ወይ ደግሞ ሄደሽ እትዬ ጠጠርን አስጨንቂያቸው።»

በማግስቱ ሄደች። የዘምዘም ቢሮ መስኮት ወደ አስፋልቱ ነው፤ ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ የወደቁ ገጾች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ነበር። ዘምዘም ስለ ገጾቹ አልጠየቋትም።

«ዛሬ በምን መጣሽ?»

«በባጃጅ።» ረሂማ ትንሽ ፈገግ አለች። «አጋዤን ቤት ትቼው ወጣሁ፣ ልለማመድ ብዬ። መውረጃዬ ሲደርስ ሹፌሩ ዝም ብሎ አለፈ። ለካ ሁልጊዜ ወራጅ የሚለው አጋዤ ነው። አለፍን፤ መናኸሪያውን ሁሉ አለፍን። ሲጨንቀኝ በአፌ 'ወራጅ' ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው ክው አለ፤ የሰው አጥር ሊገባ ነበር። ዞሮ 'አንቺ፣ ጤነኛ ነሽ? ጆሮሽን የት ጣልሽው?' አለኝ። እኔ ደግሞ ደንግጬ 'ኩባያ ውስጥ' አልኩት።»

ዘምዘም እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ገፋ አደረጉላት።

«አሁን የነገርሽኝን ጻፊው።»

ረሂማ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ጨርሳ ሰጠቻቸው። ዘምዘም ጮክ ብለው አነበቡት፦

«ዛሬ ጠዋት በትራንስፖርት አገልግሎት አጠቃቀም ወቅት ከአሽከርካሪው ጋር የተግባቦት ክፍተት ተፈጥሮ የነበረ ሲሆን፣ ችግሩ በውይይት ሊፈታ ችሏል።»

ጭነት መኪና አለፈ። መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ።

«ኩባያው የታለ?» አሉ ዘምዘም።

ረሂማ ወረቀቱን አየችው።

«የደነገጠው ሰውዬስ? አጥሩስ?»

«መምህርት፣ እኔ ሌላ አጻጻፍ አላውቅም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ጽሑፍ ማለት እንዲህ ይመስለኛል። አፌ ሲናገር እኔ ነኝ። እጄ ሲጽፍ ማን እንደሆነ አላውቅም።»

«ደህና። አሁን አንድ ጠጠር አስቀመጥሽ» አሉ ዘምዘም።

ገጾቹን ወደ እሷ አዞሩላት። «ፈተናው ላይ እንደ ባጃጅ ወሬ ጻፊ አልልሽም። የጥናት ጽሑፍ ሥርዓት አለው። ሰነዱ ያለውን 'ሰነዱ ይላል' በይ። ያንቺን 'እኔ እላለሁ' በይ። ማስረጃው ያለበትን ገጽ ጥቀሺ። ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ፤ ሁለቱም ጊዜ አድርገሽዋል። የጎደለው አንቺ ስታነቢ የቆምሽበት ቦታ ነው። ሰነዱን ስታነቢ እዚያ ወንበር ላይ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።» ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፉ። «ይሄ ደግሞ። 'ነገሩን ከሥሩ ስናየው' ብለሽ ነው የጀመርሽው። ሁለቱንም ጊዜ።»

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጀምረው።»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ የጻፈው ካሳዬ የሚባል ተማሪዬ ነበር፣ አንቺ ወደዚህ ክፍል ከመምጣትሽ በፊት። ሰነዱ ስለ ጥድ ተከላ ነበር። ካሳዬ ገበሬ ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ ሥር ሲል ሥር ማለቱ ነበር። ማጣሪያው አሳለፈው። ያለፈ ገጽ ደግሞ ክፍት መዝገብ ይገባል፤ አጋዦቹ ከዚያ ይማራሉ። ዓመት ሳይሞላው አገሩ ሁሉ ነገሩን ከሥሩ ማየት ጀመረ።»

«ካሳዬስ?»

«ያንኑ ገጽ ዛሬ ይዞ ቢመጣ ማጣሪያው ባለቤቱ አልተገኘም ይለዋል።»

ረሂማ ከገጾቹ ቀና አለች። «ታዲያ ምን ጥቅም አለው?»

«ያኔ ጥቅም ነበረው» አሉ ዘምዘም። «ጥዱ ምንጭ ላይ ሊተከል ነበር። አልተተከለም።»

*

ከዚያ በኋላ ረሂማ የምታነበውን ለእናቷ መንገር ጀመረች። ሐይቅ ከተማ የሚኖሩት እናቷ ስልኩን ከፍተው ሥራቸውን እየሠሩ ይሰሟታል። መጀመሪያ ላይ ግራ ገባቸው።

«አጋዤ ያሳጥርልኝ እንዴ?» ይሏታል።

«አይ እማ፣ እኔ ልንገርሽ።»

«ረጅም ነዋ።»

«ረጅም ነው።»

አንድ ቀን ስለ እህል መጋዘን አየር ማስገቢያ የተጻፈ አንቀጽ ስትነግራቸው እናቷ አቋረጧት። «ቆይ፣ አልገባኝም። እርጥበቱ ከገባ በኋላ በየት ይወጣል?» ረሂማ ወረቀቱን አየች። በየት እንደሚወጣ አልተጻፈም። አንቀጹን ስታነብ አልፋዋለች፤ ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ስለ ነበር በላዩ ተንሸራታ ሄዳለች። ጠጠር አነሳችና አስቀመጠች። ያለማንም ጉትጎታ ያስቀመጠችው የመጀመሪያው ጠጠር ይህ ነው። የተሰማት ነገር ደስታ አልነበረም፤ ደረጃ ሲወርዱ አንድ ደረጃ ሲጎድል የሚሰማው ዓይነት ነው።

በሦስተኛው ፈተና ቀን ጠባቂው ኪሷን ሲዳብስ ጠጠር አገኘ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጠጠር።»

ጠባቂው አንዱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠ። ነቀነቀው። እንደገና አዳመጠ። ከዚያ መለሰላት።

ለፈተና የሚቀርቡት ሰነዶች እውነተኛ ናቸው፤ ሙሉ አንባቢ ስለማይበቃ ተፈታኞች ወረፋውን ያቃልላሉ። የረሂማ ሰነድ ጥቁር ዛፍ በሚባል መንደር፣ ተዳፋት ላይ ሊሠራ ስለታሰበ ትምህርት ቤት ነበር። በደንብ የተጻፈ ሰነድ ነው። ካርታው ንጹሕ ነው። አፈሩ በሦስት ጉድጓዶች ተመርምሯል፤ ውጤቱ በሠንጠረዥ ተቀምጧል፤ መደምደሚያው ተዳፋቱ ዓመቱን ሙሉ የጸና ነው ይላል። ረሂማ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። በሁለተኛው ላይ ሠንጠረዡ ግርጌ ያለውን ቀን አየች። ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት በጥር ነው።

ጠጠሩን አስቀመጠች። ወደ ፊት ሄደች፤ ወደ ኋላ ተመለሰች። አላነሳችውም።

መጻፍ ስትጀምር እጇ በልማዱ «ነገሩን ከሥሩ» ብሎ ጻፈ። ሰረዘችው። ከንፈሯን ያለ ድምፅ እያንቀሳቀሰች ለእናቷ እንደምትነግር አሰበች። ከዚያ እንዲህ ጻፈች፦

«ሰነዱ በገጽ አሥራ ሁለት ተዳፋቱ በጥር ወር መመርመሩን ይናገራል። በገጽ ሠላሳ ደግሞ ተዳፋቱ በክረምትም እንደማይናድ ይናገራል። እዚህ ላይ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ አነበብኩት። ከዚህ ወደዚያ የሚያሻግረውን መንገድ አላገኘሁትም። መንገዱ ካለ ሰነዱ ውስጥ አልተጻፈም። ከሌለ ተዳፋቱ በክረምት ሳይመረመር ሕፃናቱ እዚያ መግባት የለባቸውም እላለሁ።»

ቀሪውን ገጽ በዚሁ መንገድ ሞላችው።

ማጣሪያው ቶሎ አልመለሰም። ከዚህ በፊት ሁለቱንም ጊዜ ወዲያው ነበር የመለሰው። ረሂማ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ጠበቀች።

«ባለቤቱ ተገኝቷል።»

የሰው ፈታኙ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ነበሩ። ገጹን አንብበው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ሰነዱ ውስጥ ሌሎች ድክመቶችም አሉ። አላየሻቸውም?»

«ሁለቱን አይቻለሁ፤ ከታች ጽፌያቸዋለሁ። የቆምኩት ግን እዚያ ነው።»

ፈረሙ። የጥቁር ዛፍ ትምህርት ቤት ክረምቱ እስኪያልፍ እንዲቆይ ተወሰነ። የረሂማ ገጽ ክፍት መዝገብ ገባ።

*

በሚቀጥለው ዓመት ረሂማ በከተማው አስተዳደር ሁለተኛ ፎቅ የራሷ ጠረጴዛ ነበራት። ሥራዋ ጠዋት ገብታ እስከ ማታ ማንበብ ነው፤ የምትጽፈው ገጽም እንደ ፈተናው በማጣሪያው ያልፋል። አጋዧን የምታስቀምጥበትን ኩባያ ከቤት ነው ያመጣችው። ሰነዶቹን የሚያመጣላት ከታች ክፍል ተረካቢ የሆነው ይመር ነው፤ እሱ ጭማቂውን ይረከባል፣ እሷ ሙሉውን ታነባለች።

በዚያ ሳምንት የመጣው ሰነድ በቦርከና ላይ ስለሚሠራ የእግረኞች ድልድይ ነበር። ረሂማ ገጽ አሥራ ሰባት ስትደርስ እንዲህ የሚል አገኘች፦

«እዚህ ላይ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ አነበብኩት። ከዚህ ወደዚያ የሚያሻግረውን መንገድ አላገኘሁትም። ስለዚህ ግንባታው በታቀደው መሠረት እንዲቀጥል ይመከራል።»

ይመር ሌላ ሰነድ ይዞ ሲገባ አቆመችው።

«ይሄን አንብበኸዋል?»

«ጭማቂውን።»

«ገጽ አሥራ ሰባት ላይ 'ቆምኩ' ይላል።»

«ማን ነው የቆመው?»

«እሱን ነው የምጠይቅህ።»

«አጋዡ ይሆናላ» አለ ይመር፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አሁን አሁን ይቆማል። ባለፈው ስለ ቢሮ መጋረጃ የቀረበ ጥናትም ቆሞ ነበር። አለቃችን ወደውታል፤ ጨዋነት አለው ይላሉ።»

ረሂማ ከዓረፍተ ነገሩ በፊት ያለውን አንቀጽ አነበበች። ስለ ድልድዩ መደገፊያ ቀለም ነው የሚያወራው። ምንም የማይገባ ነገር የለውም። የቆመው ቀለሙ ላይ ነበር።

ወደ ገጽ አንድ ተመለሰች። ይመር ሊሄድ ተነሳ፤ እያነበበች መሆኑን አይቶ መልሶ ተቀመጠ፤ አጋዡን ከጆሮው አወጣና እየነካካ ጠበቃት። ገጽ ዘጠኝ ላይ ድልድዩ የሚሸከመው ክብደት ተሰልቷል። ስሌቱ በተሻጋሪዎች ቆጠራ ላይ ተመሥርቷል። ቆጠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። እዚህ ሰነዱ አልቆመም፤ ባማረ ዓረፍተ ነገር አልፎታል።

ረሂማ ጠጠር አስቀመጠችበት።

ባዶ ገጽ አወጣች፤ እርሳሷን አነሳች። እጇ ቀድሟት «እዚህ ላይ ቆ» ብሎ ጻፈ። አየችው። የራሷ ነበር፤ ዛሬ ግን ማጣሪያው ባለቤቱ አልተገኘም ይለዋል። ገጹ ከተመለሰ ሰነዱ ወደ ሌላ አንባቢ ይሄዳል፤ ያ አንባቢ ገጽ ዘጠኝ ላይ ይቆም እንደሆነ አታውቅም። ወረቀቱን አጥፋ ወደ ጎን አደረገችው።

«ይመር፣ ቅዳሜ እዚያ ጋ ስንት ሰው ይሻገራል?»

«የት፣ ገበያው ጋ?» ይመር ሳቀ። «ቅዳሜማ ሰው ብቻ መች ሆነና። ቅዳሜ ፍየሉም ይሻገራል።»

ረሂማ አዲስ ወረቀት አወጣች። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ቅዳሜ ፍየሉም ይሻገራል» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ገጽ ዘጠኝን ጠቀሰች፤ ሰነዱ የሚለውን ለይታ፣ እሷ የምትለውን ለይታ ቀጠለች።

ይመር በትከሻዋ በኩል ተንጠራርቶ አነበበው። አንድ መስመር ለማንበብ ጊዜ ወሰደበት።

«ይሄንንም ይወስዱታል እኮ» አላት። «ከርሞ ስለ ጤና ጣቢያ ጣሪያ የተጻፈ ላይ ፍየል ሲሻገር ታያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች።

መጻፏን አላቋረጠችም። ጠጠሩ ገጽ ዘጠኝ ላይ ነበር፤ እስክትጨርስ አላነሳችውም።